ተዋናይ የማይፈልገው አዘጋጅ

ሙሉነህ ሞተ። የሰማሁት ቀረጻ ላይ ሆኜ ፊቴን እየተቀባሁ ነው። ስልኬን ብከፍተው የድሮ የቲያትር ጓደኞቼ ግሩፕ በሻማ ምስል ተጥለቅልቋል። አንዱ «ታላቁ መምህራችን» ይላል፣ ሌላው «የተገፉት ድምፅ» ይላል፣ አንዱማ ጭራሽ «አባታችን» ብሎ ጽፏል። ይኼ አባታችን የሚለው ልጅ፣ ሙሉነህ በሰው ፊት «አንተ ከምትጫወት የተቀመጥክበት ወንበር ቢጫወት ይሻላል» ብሎት ስንት ቀን ከቤቱ ሳይወጣ የከረመ ነው። እኛ አገር ሰው ደግ ለመባል መሞት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ለቅሶው እህቱ ቤት ነው፣ ከዊንጌት ትንሽ ገባ ብሎ። ሙሉነህ አላገባም፣ አልወለደም፤ ሲታመም የወሰደችው እህቱ ናት። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ እንደተቀመጥኩ ከቡድናችን ልጆች አንዱ ጠጋ ብሎ «ሶስና፣ አንቺን ሰው በቲቪ ያውቅሻል። ስለ መምህር ሁለት ቃል በይ» አለኝ።

«ሁለት ቃልስ ነበረኝ፤ ለቅሶ ቤት አይባልም እንጂ።»

የቀለድኩ መስሎት አፉን ሸፍኖ ሳቀ። በኔ ፈንታ ሌላ ሰው ተነሳ፤ ዛሬ ራሱ ቲያትር የሚያስተምር፣ አፉ የሚጣፍጥ ሰው ነው። «መምህር ሙሉነህ ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ የሰጡ...» ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ እህቱ አለቀሰች። እኔ አንገቴን አስግጌ በሴቶቹ በኩል ዘነበችን ፈለግሁ። ድምፅ ተሰጣት የተባለችው እሷ ናት። አልነበረችም። «ለዘነበች የነገራት አለ?» ብዬ ብጠይቅ አጠገቤ ያለችው ልጅ «ዘነበች የቷ ናት?» አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እንግዲህ እዚያ ያላልኩትን እዚህ ልበለው።

ሙሉነህ ኮሌጅ ውስጥ የቲያትር ንድፈ ሐሳብ ያስተምር ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው። ሌላው ከውጭ ሲመለስ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ «ማን ነው የሚያየው? ማን ነው የሚታየው?» ይህችን ጥያቄ ለተማሪ ይጠይቃል፣ ለአስተናጋጅ ይጠይቃል፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱን ሳይቀር ጠይቆታል። በኋላ ከክፍል ውጭ መሞከር አማረውና ጉለሌ ያለች አንዲት የወጣቶች አዳራሽ አስፈቅዶ ቡድን አቋቋመ። እኔ የተቀላቀልኩት ያኔ ነው። ከሰፈር የተሰበሰብን ልጆች ነን፤ ቲያትር ማለት ለእኛ ማልቀስ፣ ማስለቀስና መጨብጨብ ነው። እሱ ሦስቱንም ከለከለ።

«ያለቀሰ ተመልካች የሚገባውን ያደረገ ይመስለዋል» ይል ነበር። «ቤቱ ይገባና ድብን ብሎ ይተኛል። እኔ እንቅልፍ የሚነሳው ነገር ነው የምፈልገው።»

ረጅም፣ ቀጭን፣ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ የማያወልቅ ሰው ነበር። ጮሆ አያውቅም። ሊቆጣ ሲል መነጽሩን ያወልቅና በሹራቡ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይጠርገዋል። መነጽሩ ከወረደ አለቀልሽ፤ ያኔ የሚናገረውን ቃል ይዘሽው ነው የምትኖሪው።

ሙሉነህ፣ ሙሉነህ የምለው ንቄው አይደለም፤ ራሱ ነው ያስለመደን። «አንቱ አትበሉኝ፤ አንቱታ እኔን ሰቅሎ እናንተን ያወርዳል፤ ሥልጣን የሚጀምረው ከዚያ ነው» አለን በመጀመሪያው ቀን። አቤት የተቸገርነው ችግር። እናቴ አንድ ቀን በስልክ «ሙሉነህ፣ አንተ ነገ ትመጣለህ?» ስለው ሰማችና ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መምህሬ ነው ስላት አማተበች። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከመሃላችን አንዱ ደፍሮ «አንተ እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ሲለው መነጽሩ ወረደ። አንተ በሉኝ አለ እንጂ አንተ ተሳስተሃል በሉኝ አላለም ለካ።

ያስተማረኝን አልክድም። የመጀመሪያ ልምምዴ ላይ የቤት ልጅ ሆኜ ትሪ ይዤ ገባሁ። «ቁሚ» አለኝ። «ትሪውን አስቀምጪና እንደገና ግቢ።» ገባሁ። እጄ የሚሄድበት ጠፋው፤ አንዴ ወገቤ ላይ፣ አንዴ ጸጉሬ ላይ።

«ምን ሆንሽ?»

«እጄን ምን እንደማደርገው አላውቅም።»

«አየሽ፣ እስከዛሬ የሠራሽው ሁሉ ወይ ትሪ ነው ወይ ማንቆርቆሪያ። ሴት ባዶ እጇን ቆማ የምታስብበት ተውኔት ማንም አልጻፈልሽም። አንቺም አልጠየቅሽም።»

ቤቴ ስገባ ራሴን አሞኝ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲያ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም የለም። እስከዛሬ ድራማ ላይ ትሪ ይዛ የምትገባ ልጅ ባየሁ ቁጥር ያቃጥለኛል። እሱ ባይነግረኝ ኖሮ እኮ በሰላም እየሠራሁ፣ በሰላም እየበላሁ እኖር ነበር።

ያው የሚያስተምርበት ቢላ ግን ሰውም ያርድ ነበር። ፍቅሩ የሚባል ልጅ ነበር፣ ዓይን አፋር፣ ጥሩ ጥሩ ነገር የሚጽፍ። አንድ ተውኔት ጽፎ አመጣ፤ ቤት ውስጥ ዝም ብላ ስለምትኖር እናት ነው። ሙሉነህ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠውና «ድርሰቱ ከእጅህ ከወጣ በኋላ አንተ የለህም» አለው። «የሌለ ሰው ደግሞ አይናገርም። ዝም ብለህ ትሰማለህ።» ከዚያ እኛን አሰማራን። እናትየው ለምን ዝም አለች? ዝምታዋን ማን ወደደላት? ልጁ ነው ወይስ ደራሲው? እንደ ጉድ አወራን። ሁላችንም አዲስ የተማርናቸውን ቃላት የምናስመሰክርበት አጥተን ነበርና ልጁ ላይ ወረድንበት። ፍቅሩ ብዙ ታገሠና በመጨረሻ «ኧረ እናቴ ናት እኮ» አለ።

ሙሉነህ መነጽሩን እየጠረገ «እሷም የለችም» አለው።

የፍቅሩ እናት ከሞተች ገና ዓመቷ ነበር። ሙሉነህ ያውቃል፤ ለቅሶዋ ላይ ተገኝቷል። ፍቅሩ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ዛሬ የሴራሚክ ሱቅ አለው፣ ሳገኘው ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ስለ ቲያትር ግን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ወደ ዘነበች ልምጣ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱ ሴቶች አንድ ተውኔት ልንሠራ ተነሳን። ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ዋናዋ ማለት ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ተራራው ላይ ወጥቼ ከሴቶቹ ጋር ዋልኩ፣ እንጨት አስረውልኝ ተሸከምኩ፣ ገመዱ ትከሻዬን ላጠው። ከዚያ መጥቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብዬ መድረኩን ዳር እስከ ዳር ሄድኩ። ሙሉነህ መነጽሩን አወለቀ።

«ጀርባሽ ይዋሻል።»

«እንዴት?»

«ሸክም ተሸክመሽ እንኳ ሰው እንዲያይሽ ትፈልጊያለሽ። ተሸካሚዋ የምትፈልገው ሰው ሳያያት ቤቷ መድረስ ነው።»

ከዚያ ተነስቶ ተናገረ። ሲናገር እኮ ያስቀና ነበር። ስለተጨነቀው ሰው የሚናገረው ሁልጊዜ ያልተጨነቀው ነው አለ። ተሸካሚዋ ላይ እንጨት የሚጭንባት አንድ ነው፣ መድረክ ላይ ወጥቶ እሷን መስሎ ጭብጨባ የሚሰበስብ ደግሞ ሌላ ጫኝ ነው አለ። መድረኩን ለባለቤቱ እንመልስ አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም እየነቀነቅሁ ሳለሁ ነው ከተሸካሚዋ ቦታ እየተነሳሁ መሆኔ የገባኝ።

ሙሉነህ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወርደው መንገድ ላይ እየቆመ ሴቶቹን ይለምን ጀመር። ያልተሳለቀችበት የለችም። አንዷ ብቻ እሺ አለች። ዘነበች ሸክሟን አዳራሹ በር ላይ ዘፍ አድርጋ፣ አንገቷን በነጠላዋ ጠርጋ ገባችና ዙሪያዋን አይታ «ታዲያ እዚህ የምሸከመው ምንድነው?» አለች። ሠላሳን ያለፈች፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ሙሉነህ እንዲያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

እኛን ለብቻ ሰበሰበን። «ማንም ምንም አያስተምራትም። ድምፅሽን ጨምሪ የለም፣ ወደ መብራቱ ዙሪ የለም። የነካት ሰው ከቡድኑ ይወጣል።» ለእሷ ደግሞ «የእንጨት ሥራሽን እንዳትተዪ» አላት። አስቦላት መስሏት መረቀችው። እኔ በኋላ ለምን እንዳላት ስጠይቀው «ከተወችው መድረኩ ላይ ምን ይዛ ትመጣለች?» አለኝ። እናም ጠዋት ተራራ ወጥታ እንጨቷን ታወርዳለች፣ ከሰዓት መጥታ ያንኑ መድረክ ላይ ትሸከማለች። አንቱ ትለው ነበር። ለእኛ የከለከለውን ለእሷ ፈቀደ፤ «እሷ ትበለኝ፣ የእሷ የእውነት ነው» አለ።

ተውኔቱ መጀመሪያ የታየ ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዘነበች ገባች፣ ሸክሟን አወረደች፣ ጥበቃዎች ጫካ ውስጥ እንዴት እንዳባረሯትና ገመዷን እንደነጠቋት ለራሷ እንደምታወራ አወራች። ኮሽ የሚል የለም። ሲያልቅ እንደ ደንባችን ውይይት ሆነ። እሷን መሀል መድረኩ ላይ ወንበር ላይ አስቀምጠው ምሁራኑ ተራ በተራ ተናገሩ። ሰውነቷ ራሱ ጽሑፍ ነው ተባለ። ጀርባዋ ላይ የከተማው ታሪክ ይነበባል ተባለ። ውክልና፣ ኅዳግ፣ የተጫነ አካል፣ የማይባል ነገር አልነበረም። ዘነበች አጠገቧ ወደቆምኩት ወደኔ ጠጋ አለች።

«ስለኔ ነው የሚያወሩት?»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው የሚሉት?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ሲያዩኝ ለምን አልሳቁም? የጥበቃዎቹ ነገር እኮ ያስቃል።»

ያን ቀን ነው የጠረጠርኩት። ይህች ሴት የመጣችው ልትታዘንላት አይደለም። ከዚያ በኋላ ከመጋረጃ ኋላ ቆማ እያንዳንዳችንን ታጠናን ጀመር። አካሄዴን ትቀዳለች፣ የልጆቹን ድምፅ ትቀዳለች። አንድ ቀን ሙሉነህ ሳይመጣ የሌለ መነጽር አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ በሳቅ መሬት ላይ ወደቅን። በዚያው ሰሞን ለሌላ ተውኔት የሴት ዳኛ ሆኜ እለማመድ ነበር። ዘነበች ማንበብ አትችልም፤ እኔ ጮክ ብዬ ሳጠና እየሰማች የዳኛዋን ቃል ከኔ ቀድማ ያዘችው። ስሳሳት ታርመኛለች። «ሶስናዬ፣ እኔስ አንድ ቀን ይችን ብሆን» ትለኛለች። ስለ መብራቱ ጠየቀችኝና ትእዛዙን ተላልፌ ነገርኳት፦ «ፊትሽን ሲሞቅሽ መብራቱ ውስጥ ነሽ ማለት ነው።» ይኸው ነው ያስተማርኳት። ሌላውን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ።

በዚያ ሰሞን ተውኔቱ ከታየባቸው ምሽቶች በአንዱ፣ የጥበቃዎቹ ታሪክ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ተመልካቹን አየች። ጠበቀች። ሰዉ ረሳች እንዴ ብሎ ሊጨነቅ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የጥበቃውን ቃል በጥበቃው አፍ ተናገረችው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ስቆ ሳይጨርስ ደግሞ ፊቷን ቀየረችና ገመዷ የተነጠቀበትን እጇን አየችው፤ ሳቁ እንደተያዘ ቀረ። እኔ መጋረጃው ኋላ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነበር። ስንት ዓመት ለፍቼ ያላገኘሁት ነገር ነው። ቀናሁ፣ ደስም አለኝ፣ ሁለቱንም አልደብቅም። ሲያልቅ ሰው የጭብጨባውን ክልከላ ረስቶ አጨበጨበ። ዘነበችም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ወደ ሙሉነህ ዞር ብል መነጽሩን እየጠረገ ነው።

በማግስቱ ሁላችንንም ጠራና እሷን ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ትናንት መድረኩ ላይ የነበረችው ማን ናት?»

«እኔ ነኛ» አለች እየሳቀች።

«ከመናገርሽ በፊት ቆም ያልሽው አስበሽበት ነው?»

«አዎ፣ ቶሎ ካልኩት አይስቁም። ትንሽ ላስጠብቃቸው ብዬ ነው።»

«እንግዲህ ተዋናይት ሆነሻል ማለት ነው» አላት።

ብድግ አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ በእርስዎ ነው» አለችው። ፊቷ እንዴት እንደበራ። ከእኛ ውስጥ ቀና ብሎ ያያት የለም፤ ሁላችንም ሰውዬውን እናውቀዋለን።

«ተዋናይ ሞልቶኛል» አለ ሙሉነህ። «ሶስና አለችልኝ፣ እነዚህ ሁሉ አሉልኝ። አንቺን ያመጣሁሽ ተዋናይት ስላልሆንሽ ነበር።»

ወዲያው አልገባትም። ወደኔ ዞረች። «ምን ማለታቸው ነው?»

እሱ ራሱ መለሰላት። «ከነገ ጀምሮ አትመጪም ማለቴ ነው።»

«አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋሽም። ተማርሽ።»

ዘነበች ነጠላዋን አስተካከለች። «ከተማርኩማ ሌላ ይስጡኝ። ዳኛዋን ይስጡኝ፤ ቃሉን በሙሉ አውቀዋለሁ» አለችና እዚያው ቆማ ፍርዱን ጀመረችው። ሊያስቆማት ይችል ነበር። አላስቆማትም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ላቧ ግንባሯ ላይ እየወረደ፣ እንድትጨርሰው ተዋት። ስትጨርስ እንዲህ አላት፦

«አንቺ ዳኛ ሆነሽ ብትወጪ ተመልካቹ ዳኛ አያይም። እንጨት ተሸካሚ ዳኛ ሆና ስትጫወት ነው የሚያየው። እኔ አይደለሁም እንዲህ ያደረግሁት። የሰው ዓይን አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነው።»

«ተሸካሚዋንም አትሆኚም፣ ሌላም አትሆኚም ካሉኝ ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አላት፤ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ለጠየቀ ተማሪ እንደሚለው። መነጽሩን አደረገ። ዘነበች መልሱን ትንሽ ጠበቀች። እንደሌለ ሲገባት ወጣች።

«ሰው ናት እኮ» አልኩት።

«እስኪ ‘ሰው’ የምትዪውን መጀመሪያ ተርጉሚልኝ።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በኋላ ተመለስኩ፤ ጉለሌ ውስጥ ሌላ መድረክ አልነበረም። ሙሉነህም ሳይውል ሳያድር ከተራራው ሌላ ሴት አመጣ። እሷም ውላ አድራ መብራቱን ፈለገችው። አሰናበታት። ሌላ አመጣ፤ ያችኛዋም ሰው ማሳቅ ጀመረች። በየጊዜው እንደ አዲስ ይገርመው ነበር። ያ ሁሉ መጽሐፍ አንብቦ፣ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ሳይማር እንደማይቀር አንዱም አልነገረውም። ተውኔቱ በዚሁ ቆመ፣ አዳራሹም ውሎ አድሮ ለመንገድ ፈረሰ፣ ቡድኑ ተበተነ።

ታሞ ሳለ አንዴ እህቱ ቤት ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ክስት ብሏል። ሰው ታሞ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አነሳሁት።

«ዘነበችን በድለሃታል።»

«ልክ ነበርኩ» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «ልክ መሆን ደስ የሚል ነገር እንዳይመስልሽ» አለ።

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?»

«አዳራሹን ያሳቀችበት ምሽት እኔም ስቄያለሁ።»

«ከሳቅክ ለምን አባረርካት?»

እንደማይገባው ተማሪ አየኝና «ስቄያለሁ አልኩሽ እኮ፤ የሳቀም ድብን ብሎ ይተኛል» አለኝ። እህቱ መድኃኒት ይዛ መጣች።

እና ከድንኳኑ በወጣሁ ማግስት ለዘነበች ልነግራት ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ወደ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች ብለውኛል። አሁን እዚያ ሰው በስፖርት ልብስ እየመጣ የሚራመድበት፣ ፎቶ የሚነሳበት ሆኗል። አንድ መታጠፊያ ላይ ትልቅ ሸክም ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ቆማ አገኘኋት። ጸጉሯ ሸብቷል። ከሩቅ ስታየኝ በቲቪ በምጫወታት ሴት «ክፉዋ አማት» ብላ ጠራችኝና ሸክሙን በአንድ እጇ አውርዳ አቀፈችኝ። እንዴት እንዲያ እንደቀለላት ስጠይቃት ገልጣ አሳየችኝ። ውስጡ ቅጠል ነው፤ እንጨቱ ከላይ ከላይ ብቻ ነው።

«ወገቤ አልችል ብሏል፤ የእውነቱን ከተውኩ ቆየሁ። እነዚህ ግን ፎቶ ያነሱኝና የሆነች ነገር ይሰጡኛል። ጠዋት ፀሐይዋ በዚህ በኩል ናት፣ ስለዚህ እዚህ እቆማለሁ። ከሰዓት እዚያ ማዶ እሻገራለሁ። ጎንበስ ብዬ ቆይቼ፣ ሊያነሱኝ ሲሉ ቀና እላለሁ። ያኔ ነው ፊቴ የሚያምረው።»

«ዘኒ፣ ሙሉነህ ሞተ» አልኳት።

አማተበች። «ነፍሳቸውን ይማር።» ቀጥላም «ታዲያ አሁን በእሳቸው ቦታ ማን ነው?» አለችኝ።

«የምን ቦታ?»

«የቲያትሩ ነዋ። ማለቴ... የከለከሉኝ እሳቸው አልነበሩ?»

ቲያትሩ ከፈረሰ መቆየቱን ነገርኳት። ምንም አልመሰላትም። «እናንተ ቲቪው አላችሁ አይደል? ዳኛዋ እስካሁን አልጠፋችኝም። ቆይ ስሚኝ» አለች። ነጠላዋን እንደ ካባ ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ወገቧን ይዛ ቀና አለች፣ ፍርዱን ተናገረች። ሳትጮህ ድምፅዋ ባሕር ዛፉ ድረስ ሄደ። መጠበቅ ያለባት ቦታ ላይ ጠበቀች። አንድ ቃል አልዘለለችም። እኔ እንጀራዬ ነው፤ መተወን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዳኛዋን ከኔ የተሻለ ተጫወተቻት። እኔም ዳኛ ላያት ሞከርኩ፣ የእውነት ሞከርኩ፣ ዓይኔ ግን ነጠላዋ ላይ የተጣበቀው ቅጠል ላይ ነበር።

«እንዴት ነኝ?»

«በጣም ጥሩ ነሽ።»

«ከሆነማ ለአለቆችሽ ንገሪልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት፣ ከልቤ። «እንጨት ተሸካሚ ሲፈልጉ በእርግጠኝነት አንቺን ነው የምነግራቸው።»

ካልኩት በኋላ ነው የሰማሁት። ዘነበች አየችኝ፣ ብዙ አየችኝ፤ ከዚያ ከታች የሰዎች ሳቅ ሲሰማ ጎንበስ ብላ ሸክሟን ጀርባዋ ላይ አደረገችና ገመዱን ደረቷ ላይ አጠበቀችው።

«ሰዎች መጡ» አለችኝ። «ዞር በይልኝ፣ ፎቶው ውስጥ ትገቢያለሽ።»